የቆየ የእጅ ኮምፒውተር ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ ሲል ችግሩን የማግኛ መንገድ

ድሬዳዋ ውስጥ ለጥገና ከሚመጡልኝ ዕቃዎች መካከል ረጅም ጊዜ የምወስድባቸው የቆዩ የእጅ ኮምፒውተሮች ናቸው። አንዳንዶቹ ኤችፒ አይፓክ ወይም ዴል አክሲም ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ዊንዶውስ ሞባይል ወይም ዊንዶውስ ሲኢ የተጫነባቸው፣ በመጋዘን ውስጥ ባርኮድ እያነበቡ ለዕቃ ቆጠራ የሚያገለግሉ ጠንካራ መሣሪያዎች ናቸው። ባለቤቶቻቸው ብዙውን ጊዜ «ዋይፋዩ ተቃጥሏል» ብለው ያመጧቸዋል፤ ስመረምራቸው ግን የሬዲዮ ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ። የተለወጠው ራውተሩ ነው። መሣሪያው ከተሠራ ከ15 ዓመት በላይ ሲሆነው፣ ራውተሩ በዚህ መካከል ሁለት ሦስት ጊዜ በአዲስ ተተክቷል፤ አዲሱም አሮጌው መሣሪያ የሚረዳውን አሠራር ከነጭራሹ ትቶታል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት ግንኙነቱ የት ላይ እንደቆመ መለየት ይገባል።

አንድ መሣሪያ በዋይፋይ ሲገናኝ አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይፈጽማል። በመጀመሪያ የራውተሩን ሞገድ ይሰማል፤ ቀጥሎ በይለፍ ቃሉ አማካይነት ከራውተሩ ጋር ይተዋወቃል፤ ከዚያ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ይቀበላል፤ በመጨረሻም በዚያ አድራሻ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ወደ ኢንተርኔት ይወጣል። የእነዚህ አራት ደረጃዎች ብልሽቶች ለተጠቃሚው ሁሉም «አልሠራም» ሆነው ይታያሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። የሞገድ ችግር ያለበትን መሣሪያ የይለፍ ቃል ደጋግሞ መጻፍ አያድነውም።

ሙከራ ከመጀመርዎ በፊት

አስቀድመው መረጃዎን ከመሣሪያው ያውጡ። ዊንዶውስ ሞባይል 2003 እና ከዚያ በፊት የወጡት ሥርዓቶች የተጠቃሚውን መረጃ የሚይዙት ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ፣ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ባዶ ከሆነ ቆጠራውም፣ የስልክ ቁጥሩም፣ የኔትወርኩ ቅንብርም አብሮ ይጠፋል። መረጃን በቋሚ ሜሞሪ ላይ ማስቀመጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ዊንዶውስ ሞባይል 5 ነው። ስለዚህ የእርስዎ መሣሪያ የቀደመው ዓይነት ከሆነ ፋይሎቹን ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጠው ቻርጀሩን እንደሰኩ ይሥሩ።

ቀጥሎ መሣሪያውን አጥፍቶ እንደማስነሣት የሚቆጠረውን ቀላሉን ሪሴት ያድርጉ፤ ይህ በአብዛኞቹ ላይ በስክሪን ብዕሩ ጫፍ ትንሿን ቀዳዳ በመጫን የሚከናወን ሲሆን መረጃ አያጠፋም። ሁሉንም ነገር አጥፍቶ መሣሪያውን ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያደርገውን ሌላውን ሪሴት ግን እባክዎ አይቸኩሉበት። ለሦስት ወር የተሰበሰበ የቆጠራ መዝገብ በዚህ መንገድ የጠፋበት ሰው ፊቴ ቆሞ አይቻለሁ፤ ችግሩ ደግሞ በራውተሩ ላይ እንጂ በመሣሪያው ላይ አልነበረም።

ባትሪውንም ይመልከቱ። ብዙዎቹ የእጅ ኮምፒውተሮች ባትሪያቸው ሲዳከም ዋይፋዩን አላበራም ይላሉ፤ ያረጀ ባትሪ ደግሞ መቶ በመቶ የሞላ መስሎ ታይቶ ሬዲዮው ሥራ ሲጀምር ወዲያው ይወርዳል። በእኛ ከተማ ሙቀት ይህ የተለመደ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ በቀትር ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መጋዘን ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ያለ መሣሪያ ደግሞ ወደዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ባትሪው አብጦ ከሆነ ያውጡት፤ አይብሱት፣ አይጫኑትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርጥ መመርመሪያ በኪስዎ ያለው ስልክ ነው። የስልኩን ሆትስፖት በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያድርጉት፤ በአይፎን 12 እና ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ ይህ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» በሚለው ምርጫ ይስተካከላል። ስልክዎ የሚፈቅድ ከሆነ የሞባይል ዳታውን ዘግተው፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ሆትስፖቱን ያለ ይለፍ ቃል ክፍት ያድርጉት። የእጅ ኮምፒውተሩ ከስልኩ ጋር ከተገናኘ ሬዲዮው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍለጋዎ ወደ ራውተሩ ይዞራል።

የኔትወርኩ ስም ጭራሽ ካልታየ

የሌሎች ሰዎች ኔትወርክ እየታየ የእርስዎ ብቻ የማይታይ ከሆነ፣ ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የራውተሩ ቅንብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2005 መካከል የተሸጡት እንደ አይፓክ ኤች4150፣ ዴል አክሲም ኤክስ51ቪ እና ፓልም ቲኤክስ ያሉት መሣሪያዎች የሚያውቁት እ.ኤ.አ. በ1999 የጸደቀውን 802.11ቢ የተባለውን ደንብ ነው። ይህ ደንብ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ የሚሠራና ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜጋቢት የሆነ ነው። ስለዚህ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ የሚያሰራጭ ራውተር ለእነርሱ የለም። ሁለቱን ሞገዶች በአንድ ስም የሚያወጣ ራውተር ካለዎት ስሞቹን ለይተው፣ የ2.4ቱን ለብቻው ይጥሩት። በዚያው ገጽ ላይ ራውተሩ አዳዲሶቹን ደንቦች ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ከሆነ ቢ፣ ጂ እና ኤን የተባሉት የ802.11 ደንቦች ወደተቀላቀሉበት ምርጫ ይመልሱት፤ የቻነሉን፣ ማለትም ራውተሩ የሚያሰራጭበትን የሞገድ መስመር፣ ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉት፤ ዋይፋይ 6 የሚለውን አሠራርም በዚህ ሞገድ ላይ ዘግተው ይሞክሩ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የቻነል ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣለትን የእጅ ኮምፒውተር ለረጅም ጊዜ በሰላም ሲሠራበት ቆይቶ፣ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ኔትወርኩ ይጠፋበት ጀመር። አንዳንዴ በማግስቱ ሌላ የመብራት መቋረጥ ሲመጣ ኔትወርኩ ይመለስ ስለነበር፣ ነጋዴው ችግሩ የኤሌክትሪኩ ኃይል መዋዠቅ ነው ብሎ ማረጋጊያ ገዛ። ችግሩ ግን ሌላ ነበር። ራውተሩ ቻነሉን ራሱ እንዲመርጥ ተትቶ ስለነበር፣ በተነሣ ቁጥር በአካባቢው ያነሰ መጨናነቅ ያለበትን ቻነል እየፈለገ አንዳንዴ 12 ወይም 13 ላይ ያርፋል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መሣሪያዎች የሚያዳምጡት ደግሞ ከ1 እስከ 11 ያሉትን ቻነሎች ብቻ ነው። ቻነሉን 6 ላይ ቋሚ ሳደርገው ችግሩ በዚያው ቀረ። እርስዎም ቻነሉን በራሱ እንዲመርጥ ከመተው ይልቅ ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን መርጠው ይወስኑት፤ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ የማይደራረቡ በመሆናቸው የጎረቤት ራውተር ካለበት ራቅ ያለውን መምረጥ ይጠቅማል።

የኔትወርኩ ስምም ራሱ እንቅፋት ሊሆን ይችላል። ስሙን በአማርኛ ፊደል መጻፍ ያስደስታል፤ ሆኖም የግዕዝ ፊደል የሌላቸው የቆዩ መሣሪያዎች ስሙን በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ያሳዩታል፣ አንዳንዶቹም መገናኘት ያቅታቸዋል። ለእነርሱ በሚሠራው ኔትወርክ ላይ አጭርና ክፍተት የሌለው የላቲን ፊደል ስም ይጠቀሙ። ስሙን መደበቅም ደህንነት አይጨምርም፤ ለአሮጌ መሣሪያ ግን ፍለጋውን ያከብድበታል።

የትኛውም ኔትወርክ የማይታይ ከሆነ ነገሩ በመሣሪያው ላይ ነው። የዋይፋይ ማብሪያው በጎን በኩል ያለ ቁልፍ ወይም በስክሪኑ ላይ ያለ ምልክት ሊሆን ስለሚችል መብራቱ ብልጭ ማለቱን ያረጋግጡ። መሣሪያው በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ከሆነ ይንቀሉት፤ አክቲቭሲንክ 4 ከሚባለው ፕሮግራም ጀምሮ መሣሪያው ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ዋይፋዩ ሆን ተብሎ ይዘጋል። ብሉቱዝንም ያጥፉ፤ ሁለቱም የሚሠሩት በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነውና አንዱ የሌላውን ሊረብሽ ይችላል። ዋይፋዩ ተሰኪ ካርድ ከሆነ ካርዱን አውጥተው የመገናኛ ነጥቦቹን በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ አቧራ በበዛበት አካባቢ ይህ ብቻ የሚያስነሣቸው አሉ።

ስለ ርቀት ሲነሳ ድሬዳዋና ሐረር የተለያየ ጠባይ አላቸው። ድሬ ላይ ዋናው ተቃዋሚ ብረት ነው፤ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የሱቅ ብረት መዝጊያና እስከ ጣሪያ የተደረደረ የብረት መደርደሪያ ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሱታል። በሐረር ጀጎል ውስጥ ባሉት ጥንታዊ ቤቶች ደግሞ ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን ይውጠዋል፤ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፉ ጥንካሬው በግልጽ ይቀንሳል። በሁለቱም ቦታ ትክክለኛው ሙከራ መሣሪያውን ከራውተሩ በሁለት ሜትር ርቀት፣ መካከል ላይ ምንም ሳይኖር መሞከር ነው። እዚያ ሠርቶ ከሥራ ቦታዎ ላይ ካልሠራ ራውተሩን ከፍ አድርጎ በር ካለበት አቅጣጫ ማስቀመጥ ከማንኛውም ቅንብር ይበልጣል።

ስሙ እየታየ የይለፍ ቃሉን ካልተቀበለ

በዚህ ደረጃ የሚቆም መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የይለፍ ቃሉን አልተሳሳተም፤ የምስጠራውን ዓይነት ነው ያላወቀው። የመጀመሪያው የዋይፋይ ምስጠራ ዌፕ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደብሊው ፒ ኤ፣ በ2004 ደብሊው ፒ ኤ 2፣ በ2018 ደግሞ ደብሊው ፒ ኤ 3 ተከተሉት። የመጀመሪያው ዊንዶውስ ሞባይል 2003 በራሱ የሚያውቀው ዌፕን ሲሆን፣ ደብሊው ፒ ኤ የተጨመረለት በ2004 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ደብሊው ፒ ኤ 3ን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱም አይገባም። ምርጫውን ደብሊው ፒ ኤ እና ደብሊው ፒ ኤ 2 ወደተቀላቀሉበት፣ የምስጠራ ስልቱንም ቲኪፕ እና ኤኢኤስ ሁለቱንም ወደሚፈቅደው ያውርዱት። የማኔጅመንት ፍሬም ጥበቃ የሚል ቅንብር ካለ «አስገዳጅ» ከሚለው ወደ «አማራጭ» ወይም ወደ «ዝግ» ይለውጡት፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ግንኙነቱ ወዲያው የሚፈርሰው በዚህ ምክንያትም ሊሆን ይችላል።

የአጻጻፍ ስሕተትም እንዳለ አይርሱ። የደብሊው ፒ ኤ የይለፍ ቃል ከ8 እስከ 63 ፊደላት ሲኖሩት፣ የዌፕ ቁልፍ ግን በፊደል ከሆነ በትክክል 5 ወይም 13፣ በአሥራ ስድስትዮሽ ቁጥር (ከ0 እስከ 9 ባሉት አሃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት ፊደላት) ከሆነ ደግሞ 10 ወይም 26 መሆን አለበት። በትንሽ ስክሪን ላይ በብዕር ሲጻፍ ትልቁና ትንሹ ፊደል፣ እንዲሁም ዜሮና ኦ በቀላሉ ይምታታሉ። በመሣሪያው ላይ የተቀመጠውን የቆየ የኔትወርክ መዝገብ ሰርዘው እንደ አዲስ ማስገባት ከማረም ይሻላል።

እዚህ ላይ ከልቤ የማሳስበው ነገር አለ። ለአንድ የቆየ መሣሪያ ሲባል የሱቁን ሙሉ ኔትወርክ ወደ ዌፕ አያውርዱት። ዌፕ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰበር ምስጠራ ነው፤ በዚያው ኔትወርክ ላይ ደግሞ የሒሳብ ኮምፒውተርዎና የሠራተኞችዎ ስልኮች አሉ። ቲኪፕ ብቻውን ቢመረጥም አዳዲሶቹ መሣሪያዎች በሰከንድ ከ54 ሜጋቢት እንዳያልፉ ያደርጋል። ራውተርዎ የእንግዳ ኔትወርክ መፍጠር ከቻለ ለአሮጌው መሣሪያ የተለየ ስምና የተለየ ምስጠራ ይስጡት። ነገር ግን የእንግዳ ኔትወርክ ከሌሎቹ የቤቱ ኮምፒውተሮች ጋር መገናኘትን ስለሚከለክል፣ የቆጠራው ውጤት ወደ መጋዘኑ ኮምፒውተር መላክ ካለበት አይሆንም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የምመርጠው፣ አገልግሎቱን የጨረሰ አሮጌ ራውተር አግኝቶ ከኢንተርኔት ጋር ሳያያይዙ ለብቻው ማቆም ነው፤ የቆጠራውን ኮምፒውተር በኬብል፣ የእጅ መሣሪያውን በዋይፋይ ያገናኙት። ለዕቃ ቆጠራ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ከኢንተርኔትም ሆነ ከዋናው ኔትወርክ የተለየ ስለሆነ የሚደርሰው ጉዳት ውሱን ነው።

ተገናኝቷል እያለ ምንም ካልሠራ

በመጀመሪያ የተሰጠውን አድራሻ ያንብቡ። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም፤ መሣሪያው ለራሱ የፈጠረው ነው። ይህ የሚሆነው የይለፍ ቃሉ በዌፕ ላይ የተሳሳተ ሲሆን ወይም ራውተሩ የሚያድለው አድራሻ ሲያልቅበት ነው። ድሬ ላይ ይህን የምለይበት መንገድ አለኝ፤ በቀትር ሙቀት ሱቆች ዘግተው ሰው ሲያርፍ የሚሠራ፣ ማታ ገበያው ሲደራ የማይሠራ መሣሪያ ካጋጠመኝ ራውተሩ ስንት አድራሻ እንዲያድል እንደተፈቀደለት አያለሁ። ቁጥሩን ማስፋት ወይም ለእጅ ኮምፒውተሩ ቋሚ አድራሻ መስጠት ይፈታዋል። ለምሳሌ ራውተሩ 192.168.1.1 ከሆነ ለመሣሪያው ከእደላው ክልል ውጭ የሆነ እንደ 192.168.1.240 ያለ ቁጥር፣ ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይና ዲኤንኤስ ደግሞ የራውተሩን አድራሻ ያስገቡ።

አድራሻው ትክክል ሆኖ ገጽ ካልከፈተ በዊንዶውስ ሞባይል ላይ የታወቀ ወጥመድ አለ። ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው፣ ኮኔክሽንስ ከሚለው ሥር የኔትወርክ ካርዱ የሚገናኘው «ከኢንተርኔት» ነው ወይስ «ከዎርክ» የሚለውን ይመልከቱ። «ዎርክ» ላይ ከሆነ መሣሪያው የመሥሪያ ቤት ፕሮክሲ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት የሚያሳልፍ መካከለኛ ኮምፒውተር፣ ሊፈልግ ይችላል፤ ከቀድሞ ባለቤቱ የቀረ ፕሮክሲ ካለ ደግሞ አንድም ገጽ አይከፈትም። «ኢንተርኔት» የሚለውን ይምረጡ፣ የፕሮክሲውንም ምልክት ያንሱ።

ቀኑን ማየትም ግዴታ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ይህ የራሱ ጠባይ አለው። ባትሪው ያለቀበት መሣሪያ ወደ ተሠራበት ዓመት ይመለሳል፤ ባለቤቱ ሲያስተካክለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቱን ካስገባ መሣሪያው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ሰርቲፊኬት (ማንነትን የሚያረጋግጥ፣ የሚያገለግልበት ጊዜ የተወሰነ ዲጂታል ሰነድ) የሚጠይቁ ገጾችና የድርጅት ኔትወርኮች በዚህ ጊዜ ሰርቲፊኬቱ ገና ሥራ አልጀመረም ብለው ይዘጋሉ። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ 8 ሰዓት ተብሎ መግባት አለበት፤ አለዚያ የቆጠራው መዝገብ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይዞ ከኮምፒውተሩ መዝገብ ጋር ይጋጫል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የራውተሩ ገጽ በ192.168.1.1 ከተከፈተ፣ ታዋቂ ድረ ገጾች ግን ካልተከፈቱ ዋይፋዩ ሥራውን ጨርሷል። የዘመኑ ድረ ገጾች የሚጠይቁት ቲኤልኤስ 1.2 የተባለውን ምስጠራ ነው፤ የእነዚህ መሣሪያዎች ብሮውዘር ደግሞ ከቲኤልኤስ 1.0 አያልፍም፤ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮችም የቆዩትን እትሞች ከ2020 ጀምሮ ትተዋቸዋል። ይህን በራውተር ቅንብር ማስተካከል አይቻልም፤ ለኢሜይልና ለባንክ ስልክዎን ይጠቀሙ፣ የእጅ ኮምፒውተሩን ለውስጥ ሥራ ይተዉት።

ተገናኝቶ በየአሥር ደቂቃው የሚቋረጥ መሣሪያ ካለዎት በዋይፋይ ቅንብሩ ውስጥ ያለውን የኃይል ቁጠባ ከፍተኛ ቁጠባ ከሚለው ወደ ከፍተኛ አቅም ይለውጡት፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ሬዲዮው አብሮ እንዳይጠፋ የሚያደርገውንም ምርጫ ይፈልጉ። ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ በዕረፍት ሰዓት ቻርጅ ማድረግ ይኖርብዎታል።

ከላይ ያለው ሁሉ ተሞክሮ፣ ክፍት በሆነ የስልክ ሆትስፖት አጠገብም እንኳ አንድም ስም ካላየ ሬዲዮው ወይም አንቴናው ተበላሽቷል። የሚሞሪ ካርድ ወይም የኮምፓክት ፍላሽ ማስገቢያ ላላቸው ሞዴሎች የተሠሩ የዋይፋይ ካርዶች አሉ፤ ነገር ግን ካርዱ ለዚያ ሞዴልና ለዚያ ሥርዓት የሚሆን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) እንዳለው ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ካርድ ካልተገኘ ቆጠራውን ቀን በሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጠው፣ ማታ ካርዱን ወደ ኮምፒውተሩ አዛውረው ያራግፉት።